ሽቦውን ጣሉት! (ለቀድሞ ተማሪዎቼ ይቅርታ፣ ለሞተረኞች ልመና)

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው። ትዕግሥት ያለው ቡናውን ይዞ ቁጭ ይበል፤ የሌለው ደግሞ ርዕሱን ብቻ አንብቦ የታዘዘውን ያድርግ፣ ይበቃዋል።

ሰሞኑን ደብረ ዘይት ነበርኩ። "ሐይቅ ዳር ተዝናናህ አሉ" ብላችሁ የምትቀልዱ አላችሁ። ቢሾፍቱ አይደለችም። የእኛዋ፣ የመተከሏ፣ የወንበራዋ ደብረ ዘይት ናት። የታመመ ዘመድ ልጠይቅ ነበር የወጣሁት። የሄድኩትም በዚያችው በምታውቋት አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ነው። ከጨረታ የገዛኋት፣ ከብዙዎቻችሁ ዕድሜ የምትስተካከል፣ ግማሻችሁ ሞተር ፈትቶ መግጠም የተማራችሁባት ሞተር።

ቡለንን አልፌ ወደ ደጋው ስወጣ ታፈነች። ነዳጅ ስሰጣት ትንተባተባለች፣ ስቀንስላት ትጠፋለች፣ ከማርሚታዋ የሚወጣው ጭስ ከኋላ ያለውን መንገድ ይሸፍናል። ካንዴላዋን ፈትቼ አየሁት፤ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ጥላሸት የጠጣ። ቤንዚን በዝቶባታል ማለት ነው። ጠርጌ ገጠምኩና እየለመንኳት ደብረ ዘይት ገባሁ።

እዚያ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ትንሽ ጋራዥ አለው። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። ገና ሲያየኝ "ቲቸር!" ብሎ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሮጦ መጣ። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ሻይ አስመጣልኝ፣ ወዲያው ካርቡሬተሩን አወረደ። እጁ ፈጣን ነው፤ ኮራሁበት። ከዚያ ጂግለሯን ፈታና ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ዕቃዎች መሀል ከአሮጌ ጎማ የተመዘዘ ሽቦ አወረደ፤ ቀዳዳዋ ውስጥ ከተተና ይፈተፍት ጀመር።

"አንተ ልጅ! ምን እያደረግህ ነው?" አልኩት፤ ሻዩ ሊደፋብኝ ነበር።

ቀና ብሎ አየኝ። መልሱ ውስጥ ንቀት የለም፣ ድፍረትም የለም፤ ግራ መጋባት ብቻ ነው ያለው። "እንዴ ቲቸር፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩን?"

ዝም አልኩ። እውነቱን ነው። እኔ ነኝ ያስተማርኩት።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለዚህ ነው። በእኔ እጅ ያለፋችሁት ልጆች ዛሬ አሶሳም፣ ፓዊም፣ ግልገል በለስም፣ ማንኩሽም ካማሺም ጋራዥ ከፍታችኋል። ስንቶቻችሁ ግድግዳ ላይ ያ ሽቦ እንደተሰቀለ አላውቅም። ግን ያንን ሽቦ በእጃችሁ ያስያዝኩት እኔ ስለሆንኩ፣ ማስጣሉም የእኔ ሥራ ነው።

ለምን እንዲያ አስተማርኩ? ሰበብ አይደለም፣ ታሪኩን ልንገራችሁ። ክፍል ውስጥ አርባ ተማሪ፣ ጠረጴዛ ላይ አንድ ካርቡሬተር፣ ኮምፕሬሰር የለም። እኔም የተማርኩት ከሽማግሌ መካኒክ ነው፤ እሱ በሽቦ ሲጎረጉር ሞተሩ ይነሳለት ነበር። በሽቦ ሲጎረጎር ሞተር ይነሳል፤ ችግሩም እሱ ነው። የዚያን ቀን ስለሚሠራ ትክክል ይመስላል። ጉዳቱ የሚታየው ባለቤቱ ከፍሎ፣ አመስግኖ፣ ከከተማ ከወጣ በኋላ ነው።

አሁን ምክንያቱን ልናገር፣ ያኔ መናገር የነበረብኝን።

ካርቡሬተር ማለት መሠረቱ ቀላል ነገር ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ያልፋል። ጠባብ ቦታ ላይ አየር ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ግፊቱ ይወርዳል፣ ግፊቱ ሲወርድ ከታች ካለው ሳህን ቤንዚን ይስባል። ሁለት ሀንጋሪያውያን፣ ባንኪና ቾንካ፣ በፈረንጆች 1893 ቤንዚንን በቀጭን አፍንጫ ወደሚያልፍ አየር የሚረጭ ካርቡሬተር የባለቤትነት መብት አስመዘገቡ። ያ ሐሳብ እስከ ዛሬ ድረስ በእኔ ያማሃ ውስጥ አለ።

ታዲያ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚገባ የሚወስነው ማነው? ኮምፒውተር የለ፣ ሴንሰር የለ። የሚወስነው የጂግለሯ ቀዳዳ ስፋት ነው፣ አበቃ። ለአንድ ኪሎ ቤንዚን ወደ 14.7 ኪሎ አየር ያስፈልጋል የሚባለው ሒሳብ በሙሉ የተንጠለጠለው በዚያች ቀዳዳ ላይ ነው።

የሚኒሞዋን ጂግለር ውሰዱ። በትንንሽ ሞተሮች ላይ ቀዳዳዋ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ጂግለሯ የተሠራችው ከነሐስ ነው፤ የጎማ ሽቦ ደግሞ ብረት ነው። ብረት ነሐስን ይፍቃል። ሽቦው ቀዳዳዋን ከ0.40 ወደ 0.45 ሚሊ ሜትር ቢያሰፋት፣ የጨመረው 0.05 ነው፤ ከቀጭን የጸጉር ዘለላ አይበልጥም፣ በዓይን አታዩትም። ግን የቤንዚኑ መጠን የሚሄደው በቀዳዳው ስፋት ስለሆነ፣ 0.45ን ለ0.40 አካፍላችሁ በራሱ አባዙት፦ ከ26 በመቶ በላይ ጭማሪ! አንድ ጸጉር፣ ሩብ ያህል ተጨማሪ ቤንዚን። በዓመት ሁለት ጊዜ "ጽዳት" የሚደረግላት ሞተር ከሦስት ዓመት በኋላ ምን እንደምትመስል ራሳችሁ አስቡት። የእኔዋን ደግሞ እኔው ነኝ ለዓመታት የጎረጎርኳት። ቡለን ዳገት ላይ ያፈነኝ የገዛ እጄ ነው።

"ትንሽ ቤንዚን ብትበላ ምናለበት?" የሚል ካለ፣ ቤንዚን የት እንደደረሰ ላስታውሰው። በ2014 ክረምት አዲስ አበባ ላይ 48 ብር ያልሞላ የነበረው አንድ ሊትር፣ በ2017 ታኅሣሥ መጨረሻ ከ101 ብር በላይ ሆኖ ነበር። ያ የማደያው ዋጋ ነበር፣ ያውም የመሀል አገሩ። እኛ ጋ ማደያው ሲደርቅ መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠውን ዋጋ ታውቁታላችሁ፤ አልናገርም።

ሞተሩ የማን እንደሆነም አስቡ። እኛ ጋ ሞተር የጎረምሳ መጫወቻ አይደለም። የግብርና ባለሙያው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ርቆ የሚያስተምረው መምህር እግር ነው። መኪና በማይገባበት ቀበሌ ምጥ የያዛት ሴት ከፊትና ከኋላ ተደግፋ የምትወጣው በሞተር ነው። እንግዲህ ያቺ ሞተር ዳገት መሀል ብትታፈን "ትንሽ ቤንዚን ብትበላ ምናለበት" ማለት ይቻላል? እኔ አልችልም። ደብረ ዘይት ላይ ያን ልጅ ሳየው የታየኝ እሱ ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ የአገራችን አቀማመጥ። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየር ይሳሳል፤ በየ1000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ገደማ። ማንኩሽ ቆላ ላይ የተስተካከለች ሞተር ወንበራ ደጋ ስትወጣ፣ ማንም ሳይነካት ቤንዚን ይበዛባታል። ቀዳዳዋ ቀድሞ በሽቦ ከሰፋ ደግሞ በላዩ ላይ ይደረብባታል። ግልባጩ የባሰ ነው፦ ደጋ ላይ በጣም አሳስተው ያስተካከሏት ሞተር ቆላ ስትወርድ አየር ይበዛባታል፣ ትግላለች። እንደ ዲቲ ያለ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥል ሞተር ከሆነ፣ በጭነት ላይ ፒስተኑ ይያዛል። ስለዚህ አገሩ ራሱ ሒሳብ ይፈልጋል። በተፈቀፈቀ ቀዳዳ ሒሳብ አይሠራም።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ፣ ምክንያቱም "ቲቸር፣ የድሮ ነገር አታስተምረን" የሚሉኝ አሉ።

አንደኛው ክርክር፦ "ካርቡሬተር ለምን ይጠገናል? አዲስ አለ አይደል?" አዎ፣ ገበያው ላይ ርካሽ ቅጂ ሞልቷል። አሮጌውን ጥሎ ያንን መግጠም የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ግን አስተውሉ። ቅጂው ከውጭ ሲታይ አንድ ነው፤ ውስጡ ያለው ጂግለር፣ መርፌና ቀዳዳ ግን ለእናንተ ሞተር የተለካ ለመሆኑ ዋስትና የለም። የሚኩኒም ሆነ የኬሂን ዋናው ካርቡሬተር በአግባቡ ከተያዘ ሞተሩን ተከትሎ ያረጃል። አካሉ አይሞትም፤ የሚሞቱት ትንንሾቹ ናቸው፦ ጎማዎቹ፣ ጋስኬቱ፣ ቤንዚን የሚያቆመው መርፌ፣ ጂግለሯ። እነሱን ቀይሩ፣ አካሉን አትጣሉ። ጥርስ ስለታመመ አንገት አይቆረጥም።

ሁለተኛው ክርክር፦ "ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፣ ካርቡሬተር ሙዚየም ይገባል።" ይግባ፣ ደስ ይለኛል። መንግሥት በ2016 ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ መወሰኑን ሰምተናል። ግድቡም ጉባ ላይ፣ በእኛው ዞን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ግን የኤሌክትሪክ ሞተር ቻርጅ ተደርጎ፣ ያለ ሥጋት የወንበራን ዳገት ወጥቶ፣ ሲበላሽ እዚያው የሚጠገንበት ቀን እስኪመጣ የጤና ኤክስቴንሽኗ በምን ትሂድ? እንዲያውም አዲስ የቤንዚን ተሽከርካሪ እየቀነሰ በሄደ ቁጥር፣ ያለውን አሮጌ በደንብ የሚጠግን ሰው ነው የሚፈለገው። ሙያችሁ እያበቃ ሳይሆን እየተወደደ ነው።

ሦስተኛውን ያነሳው ያው ተማሪዬ ነው፣ እኔም መልስ ያጣሁለት እሱ ነው። እንዲህ አለኝ፦ "ቲቸር፣ በደንብ ማጽዳት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ባለሞተሩ ደግሞ 'ምን ቀየርክና ነው ይህን ያህል የምትጠይቀኝ?' ይላል። ዕቃ ብቀይርለት ሳይከራከር ይከፍላል። ባጸዳለት ግን የሻይ ብቻ ይሰጠኛል።"

ልብ በሉ። ይህ የመካኒኩ ችግር ብቻ አይደለም፣ የእኛ የደንበኞቹም ነው። እኛ የምንከፍለው ለዕቃ እንጂ ለዕውቀት አይደለም። በላስቲክ የተጠቀለለ አዲስ ነገር ካላየን ገንዘባችን የተበላ ይመስለናል። ስለዚህ መካኒኩ ሁለት መንገድ ብቻ ይቀረዋል፦ ወይ መቀየር የሌለበትን ይቀይራል፣ ወይ በሽቦ ጎርጉሮ በአሥር ደቂቃ ይሸኘናል። ሽቦውን ግድግዳ ላይ የሰቀለው እኔ ነኝ፣ አልክድም። እዚያው እንዲቆይ ያደረገው ግን ክፍያችን ነው። ሞተረኞች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው፦ ግማሽ ቀን ጎንበስ ብሎ ሞተራችሁን ላጸዳ ሰው የግማሽ ቀን ዋጋ ክፈሉ። ቤንዚኑ ላይ ታገኙታላችሁ።

እሺ፣ በሽቦ ካልሆነ በምን? ያን ዕለት ከልጁ ጋር አብረን ቁጭ ብለን እንደገና የሠራነውን ልጻፍላችሁ። ሴቭ አድርጉት።

1. ከሁሉ በፊት እሳት። ቡና የሚፈላበት ከሰል አጠገብ፣ ሲጋራ የሚጨስበት ቦታ ካርቡሬተር አይፈታም። ቤንዚኑን ዝጉ፣ ሳህኑ ውስጥ ያለውን ወደ ንጹሕ ግልጽ ጠርሙስ አውጡና ለግማሽ ሰዓት አስቀምጡት። ከታች የተለየ ነገር ከተኛ ውኃ ነው። ውኃ ከቤንዚን ይከብዳል፣ ሳህኑ ውስጥም ታች ዋናዋ ጂግለር አጠገብ ይተኛል። ያን ጊዜ ችግሩ ከካርቡሬተሩ በፊት የነዳጅ ታንኩ ውስጥ ነው፤ ታንኩን ሳያጸዱ ካርቡሬተር ማጽዳት በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

2. ብሎኖቹን አትብሉ። የጃፓን ብሎኖች መስቀላቸው ከተለመደው ካቻቢቴ ትንሽ ይለያል። ጫፉ በልክ የማይገጥም ካቻቢቴ አናታቸውን ይበላዋል፣ ከዚያ በመዶሻና በመሮ ትጨርሱታላችሁ። ልክ የሚሆነውን ፈልጉ፣ ወደ ታች አጥብቃችሁ ተጭናችሁ አዙሩ።

3. ከመፍታታችሁ በፊት ቁጠሩ። የድብልቅ ማስተካከያዋን ብሎን በቀስታ እስኪቆም አጥብቁና ስንት ዙር እንደሄደ ጻፉ። የመርፌዋ ክሊፕ ስንተኛው ጥርስ ላይ እንደነበረ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። "አስታውሰዋለሁ" የሚባል ነገር የለም።

4. ጎማና ፕላስቲክ የሆነውን በሙሉ አውጡ፣ ከዚያ ነው ማጽጃ የሚነካው። ጠንካራ ማጽጃ ጎማ ያሳብጣል።

5. የነሐሱን ክፍሎች ማጽጃ ወይም ንጹሕ ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፉ፤ አንድ ሌሊት ይደር። የደረቀ ቤንዚን እንደ ሙጫ ነው፤ በጉልበት ሳይሆን በጊዜ ነው የሚለቀው። ከዚያ በአየር ንፉ። ኮምፕሬሰር የላችሁም? ጎሚስታ ጋ ሂዱ! አርባ ተማሪ ይዤ ኮምፕሬሰር የለኝም ስል ጎሚስታው ከበሩ ፊት ለፊት ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

6. አየር ያልከፈተው ካለ የናይለን የዓሣ ክር ወይም ከብሩሽ የተነቀለች አንዲት ጭራ አሳልፉ። ከነሐስ የለሰለሰ ነገር ብቻ። ወደ ብርሃን ይዛችሁ እዩ፤ ቀዳዳዋ ክብ መሆን አለባት። ሞላላ ወይም የተጫረች ከሆነች ቀደም ሲል ሽቦ ገብቶባታል፤ በቁጥሯ አዲስ ግዙ።

7. ቤንዚን የሚያቆመውን መርፌ ጫፍ በጥፍራችሁ ዳብሱት። ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ጭረት ካለው ይቀየር። ሞተር ቆማ ሳለ ቤንዚን የምታንጠባጥበው አብዛኛውን ጊዜ በእሱ ነው። ተንሳፋፊዋንም (ጋለጃንቴውን) በጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቋት፤ ውስጧ ቤንዚን ከተንቦጫቦጨ ተቀድዳለች።

8. ስትገጥሙ የማስተካከያ ብሎኗን ወደ ነበረችበት ዙር መልሱ። ይህን ግን ልብ በሉ፦ ብሎኗ በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነች የምታስተካክለው አየር ነው፣ ስትላላ ቤንዚኑ ይሳሳል። በሞተሩ በኩል ከሆነች ግልባጭ ነው፣ ስትላላ ቤንዚን ይጨምራል። ይህን ሳያውቁ ማዞር የብዙ ሞተር መጥፊያ ነው።

9. ነድታችሁ አሙቋት፣ ከዚያ ካንዴላውን እዩ። ቡና ዓይነት ቡኒ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ነጭ ከሆነ ደግሞ አየር በዝቷልና ተጠንቀቁ። ኑሯችሁ ደጋ ከሆነ የመርፌዋን ክሊፕ አንድ ጥርስ ወደ ላይ ማውጣት መርፌዋን ዝቅ ያደርጋታል፣ ቤንዚኑንም ያሳሳዋል። ቆላ ስትወርዱ ግን መልሷት።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ለእኛ ለመተከል ሰዎች። በዚያ በጭንቁ ጊዜ ስንቱ ሰው ቤቱን ዘግቶ፣ ሞተሩን ጓዳ ከትቶ ወጣ። ሲመለስ ሞተሩን አገኛት፣ ረገጣት፣ አልነሳ አለች፤ "ሞታለች" ብሎ በብረት ዋጋ የሸጠ አለ። አልሞተችም ነበር። ሳህኗ ውስጥ ያለው ቤንዚን ደርቆ ቀዳዳዎቿን ዘግቶባት ነው። ዛሬም ጓዳ ውስጥ የቆመች ሞተር ያላችሁ፣ ከመሸጣችሁ በፊት ካርቡሬተሯን አስጸዱ። ሞተር ለወራት የምታቆሙ ደግሞ ቤንዚኑን ዘግታችሁ ሳህኑን አፍስሱ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለሳህን ስር የተሠራችው ያቺ ትንሽ ብሎን ሌላ ጥቅም የላትም።

እኔና ተማሪዬ ያን ዕለት ጂግለሯን ወደ ብርሃን ይዘን አየናት። ሞላላ ሆናለች። እሱ ከአሮጌ ዕቃዎቹ መሀል ቁጥሯ የሚገጥም ሌላ ፈልጎ አገኘ፤ እኔ ደግሞ የእጁን ዋጋ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ከፈልኩ። "ከቲቸር አልቀበልም" ብሎ ብዙ ተከራከረኝ። "የምከፍልህ ለጂግለሯ ሳይሆን ለግማሽ ቀንህ ነው" ስለው ተቀበለ። ስመለስ ቡለን ድረስ አንዴም አልታፈነችብኝም።

ሽቦውን የት እንዳደረሰው ጠየቅሁት። የአንድ ባጃጅ ማርሚታ አስሮበታል። ለእሱ ጥሩ ነው።

በእኔ እጅ የተማራችሁ ሁሉ፣ በሽቦ አስተምሬያችሁ ነበር፤ ተሳስቼ ነበር። ይቅርታ። ይህን ያነበበ ያላነበበውን ይንገረው፤ ጋራዥ ያለው ጓደኛ ያላችሁ ላኩለት። የተሻለ ዘዴ የምታውቁ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፣ እኔም እማራለሁ።

ቸር እንሰንብት።